የወደቀ ግንድ ላይ ያለውን ፈንገስ ሁሉ መዝግብ ተባልኩ፤ ስሙን የማላውቀውን ምን ላድርገው?

ግንድ_ቆጣሪ፦

ሰላም ወዳጆች። በሞቃታማ ዝናባማ ደን ውስጥ በወደቁ ግንዶች ላይ የሚኖሩ ፈንገሶችን ከሚመዘግብ ቡድን ጋር መሥራት ጀምሬያለሁ። ቦታው ተከልሏል። ውስጡ ያለው ግንድ ሁሉ ቁጥር ተለጥፎበታል። የኔ ድርሻ ከግንድ ወደ ግንድ እየዞርኩ ያየሁትን መጻፍ ነው። ሲያወሩት ቀላል ነው።

የቅጹ የመጀመሪያ ዓምድ «የዝርያ ስም» ይላል። ፒክኖፖረስ ሳንጉኒየስን አውቃታለሁ፤ ደማቅ ብርቱካናማ ስለሆነች ከሩቅ ትለያለች። ስኪዞፊለም ኮሙኔም አይጠፋኝም። ከዚያ በኋላ ድንግዝግዝ ነው። ከግንዱ ጎን ወጣ ያለ ቡኒ ጠንካራ ነገር፣ አጠገቡ ሌላ ቡኒ ነገር፣ ከሥር ደግሞ እንጨቱ ላይ የተለጠፈ ስስ ነጭ ነገር። በእጃችን ያለው መለያ መጽሐፍ የተጻፈው ለሌላ አህጉር ነው። አስተባባሪያችን «በተቻለህ መጠን ስም ስጠው» ይላል። ወፍራሙን ሁሉ ጋኖደርማ፣ ስሱን ሁሉ ትራሜተስ ብዬ ልገላገል ወይስ ሌላ መላ አለ?

ሃይፋ፦

ኧረ በፈጠረህ እንዳታደርገው! ባዶ የቀረ ዓምድ ነገ ይሞላል። በግምት የተሞላ ዝርዝር ግን የቱ ግምት፣ የቱ እውቀት እንደሆነ ስለማይለይ ማንም አያጸዳውም።

ጋኖደርማ ሉሲደም የሚለውን ስም ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1781 እንግሊዝ ውስጥ ለተገኘ እንጉዳይ የተሰጠ ስም ነው። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም የዓለም ክፍል ቫርኒሽ የተቀባ የሚመስል እንጉዳይ ያየ ሁሉ ይህንኑ ለጠፈበት። በምሥራቅ እስያ ለመድኃኒትነት የሚመረተው እንኳ ሲጠራበት ኖሮ፣ የተለየ ዝርያ ነው ተብሎ ጋኖደርማ ሊንግዢ የተባለው በ2012 ነው። እና አሁን አንድ የድሮ ዝርዝር ላይ «ጋኖደርማ ሉሲደም» የሚል ስናይ የትኛው እንደነበር የምናውቀው ናሙናው መሳቢያ ውስጥ ካለ ብቻ ነው። ከሌለ ያ መስመር ለምንም አይሆንም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው። መጀመሪያ የናሙና ቁጥር። ቀጥሎ ያየኸው ነገር። ስም መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ምናልባት ከዓመታት በኋላ፣ ምናልባትም በሌላ ሰው እጅ። እስከዚያ «ሞርፎ 17» ዓይነት ጊዜያዊ መጠሪያ ይበቃሃል። ቡድኑ በሙሉ አንድ የፎቶ ዝርዝር ይጋራ እንጂ። አለዚያ ያንተ 17 የጓደኛህ 32 ሆኖ ቁጭ ይላል።

ግንድ_ቆጣሪ፦

እሺ እህቴ፣ ገባኝ። «ያየኸው ነገር» ስትዪ ግን ምን ያህል? ለመግለጫ የተተወልን ቦታ አንድ መስመር ነው።

ሃይፋ፦

አንድ መስመርማ ምን ይይዛል። ቅጹን ተወውና ደብተር ያዝ።

ከግንዱ ጀምር። ብዙ ሰው እንጉዳዩን አይቶ ግንዱን ይረሳል። ቆሞ ነው የደረቀው ወይስ ወድቋል? መሬት ነክቷል ወይስ ሐረግ ይዞት ተንጠልጥሏል? ውፍረቱ ስንት ነው? የዛፉ ዝርያ ይታወቃል? ቅርፊቱ አለ? ከዚያ ቢላህን አውጣና ግፋው። ጫፉ ብቻ ከገባ ገና ትኩስ እንጨት ነው። ሳይታገልህ እስከ እጀታው ከገባ አልቆለታል። ብዙ ቡድኖች ለዚህ ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጣሉ።

ቀጥሎ የበሰበሰውን እንጨት በጣትህ እሸው። ነጣ ብሎ በክር በክር የሚተለተል ከሆነ ነጭ መበስበስ ነው፤ ፈንገሱ እንጨት የተሠራባቸውን ሁለቱን ዋና ነገሮች፣ ሊግኒኑንም ሴሉሎሱንም፣ እየበላ ነው። ቡኒ ሆኖ በአራት ማዕዘን የተሰነጠቀና እጅህ ላይ ዱቄት የሚሆን ከሆነ ቡኒ መበስበስ ነው፤ ሴሉሎሱ ተበልቶ ሊግኒኑ ቀርቷል። በቆላ ዝናባማ ደን የሚበዛው ነጩ ነው። ቡኒው የሚበረታው እንደ ጥድ ባሉ ዛፎች ላይ ነው። ስለዚህ ቡኒ ካጋጠመህ ዝም ብለህ አትለፈው።

እንጉዳዩ ጋ ስትደርስ ሰንጥቀህ ውስጡን እይ። የሥጋው ቀለም ምንድነው? ሲቆረጥ ይለወጣል? ሽታው ምን ይላል? ከሥሩ ቀዳዳ ካለው በእጅ ሌንስ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ስንት እንዳለ ቁጠር። 2 የሆነና 8 የሆነ ጭራሽ አይገናኙም። ፎቶ ከማስመሪያ ጋር፣ ከላይም ከሥርም። ከላይ ብቻ የተነሳ ፎቶ ለፌስቡክ ይሆናል እንጂ ለመለየት አይጠቅምም።

ማታውኑ አድርቀው። ከ40 እስከ 45 ዲግሪ፣ አየር በሚያዞር ማድረቂያ። እንዳትጠብሰው፤ ዲኤንኤው ይበላሻል። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥም አትክተተው። በዚያ እርጥበት አንድ ሌሊት ካደረ በማግስቱ የምትመዘግበው ሻጋታውን ነው። በወረቀት ጠቅልል። ከማድረቅህ በፊት ከውስጠኛው ሥጋ የሩዝ ፍሬ የምታክል ቁራጭ ወስደህ እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ውስጥ ጨምር፤ እሷ ለዲኤንኤ ናት። ጠንካሮቹ እንጉዳዮች ውስጥ ደግሞ ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ይኖራሉ። ደርቆም ይበሉታል፣ ተርፈውም ወደ ጎረቤት ናሙና ይሻገራሉ። ወደ መሳቢያ ከመግባቱ በፊት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለተወሰኑ ቀናት ማቆየት የግድ ነው።

ዲኤንኤ_ይናገር፦

ሃይፋ፣ ልጁን ገና ሳይጀምር አደከምሽው 😄

ወንድሜ፣ መሰርሰሪያ ያዝ። ቅርፊቱን ላጥ አድርግ፣ የመሰርሰሪያውን ጫፍ በአልኮልና በእሳት አጽዳ፣ ግንዱን ብሳ፣ የወጣውን ሰጋቱራ ቱቦ ውስጥ ጨምር። በቃ። ቤተ ሙከራ ሲደርስ አይቲኤስ የሚባለው የዲኤንኤ ክፍል ይነበባል። ከ2012 ጀምሮ ለፈንገሶች መለያ ባርኮድ እንዲሆን የተመረጠው እሱ ነው። ለመሆኑ እንጉዳይ ምንድነው? ፈንገሱ ሊራባ ሲፈልግ ብቻ የሚያወጣው ነገር ነው። ሰውነቱ እንጨቱ ውስጥ ነው። አንዳንዱ ለዓመታት ምንም ሳያወጣ ይኖራል። ላዩን እያዩ መቁጠር ቤቱ ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ በረንዳው ላይ በተቀመጡት መገመት ነው።

አሮጌ_ማይክሮስኮፕ፦

ልጄ ዲኤንኤ፣ ሰጋቱራው ይናገራል፤ እሱን አልክድም። ግን ማን ነኝ ይላል? ዳታቤዙ ውስጥ አምሳያ ካላገኘ «ያልታወቀ ፈንገስ» ብሎ ዝም ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ያነሳው፣ ያደረቀውና የለየው ነው። ከሞቃታማ ደኖች የገባው ጥቂት ነው። ዩናይት የሚባለው ዳታቤዝ ስም ለሌላቸው የዲኤንኤ ስብስቦች ቋሚ ኮድ መስጠቱ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት ቡድኖች ስሙን ሳያውቁ ስለ አንድ ፈንገስ ማውራት ይችላሉ። ነገር ግን ዝርያ በወጉ የሚሰየመው ዓይነተኛ ናሙና፣ ማለትም ስሙ የሚታሰርበት ናሙና፣ ሲኖረው ነው። በ2018 ፖርቶ ሪኮ ሳን ሁዋን በተካሄደው ዓለም አቀፍ የፈንገስ ጉባኤ ዲኤንኤ ብቻውን እንደ ዓይነተኛ ናሙና ይያዝ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሳይጸድቅ ቀርቷል። እኔ ትክክል ነው እላለሁ። የተነበበ ፊደል ተመልሰህ በማይክሮስኮፕ አታየውም።

ደግሞ ሰጋቱራ ውስጥ የተገኘ ሁሉ ነዋሪ አይደለም። ከላይ የወረደ ስፖር፣ ፈንገስ የሚራባበት ደቃቅ ዘር መሰል ነገር፣ አለ። ምስጥ ተሸክሞ ያስገባው አለ።

ዲኤንኤ_ይናገር፦

ጋሼ፣ በስፖሩ ጉዳይ እስማማለሁ። ለዚህ እኮ ነው ላዩን የምንልጠው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ኢኳዶር ውስጥ ሎስ ሴድሮስ በሚባል የደመና ደን ዛይላሪያ የተባለውን ወገን ያጠኑ ሰዎች ነበሩ። በበሰበሰ እንጨት ላይ ጥቋቁር ጣት እያወጣ የምናየው ማለት ነው። እሱ ፈንገስ በሕይወት ባለ አረንጓዴ ቅጠል ውስጥም ምልክት ሳያሳይ ተደብቆ ሲኖር አገኙት። ከቅጠል ውስጥ አውጥተው ባያሳድጉት፣ ዲኤንኤውንም ከእንጨቱ ጋር ባያስተያዩት ማን ያውቅ ነበር? እድሜ ልክ እንጨት ላይ ብናፈጥ አናገኘውም።

አሮጌ_ማይክሮስኮፕ፦

እሱስ ልክ ብለሃል። ግን ልብ በል፤ የቅጠሉን ከምን ጋር አስተያዩት? ከእንጨት ላይ ከተሰበሰበ ናሙና ጋር።

ሃይፋ፦

ክርክራችሁ ካለቀ ለልጁ የሚሠራበት ነገር እንስጠው። ግንድ_ቆጣሪ፣ መሰርሰሪያ ካገኘህ እንጉዳይ ከወጣበት አጠገብ አንዴ፣ ምንም ካልወጣበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጊዜ ብሳ። ቱቦው ላይ የግንዱንም የናሙናውንም ቁጥር ጻፍ። ብዙ ሰጋቱራ የሚባክነው ቤተ ሙከራ ውስጥ አይደለም፤ ቱቦው ላይ «ግንድ፣ ማክሰኞ» ብሎ በሚጽፍ ሰው ነው።

ዝም_ብዬ_አንባቢ፦

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ ሙያዬ አይደለም። የበሰበሰ እንጨት ላይ ስንት ዓይነት ፈንገስ እንዳለ ማወቅ ለማን ይጠቅማል? ደግሞ በጨለማ የሚያበራ አለ የሚባለው የእውነት ነው ወይስ የቲክቶክ?

ቁጥር_አዋቂ፦

የመጀመሪያውን እኔ ልሞክር። በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በመላው ዓለም ከደረቀና ከወደቀ እንጨት በየዓመቱ ወደ 10.9 ቢሊዮን ቶን ካርቦን እንደሚወጣ ገምቷል። ከዚህ 93 በመቶው ከሞቃታማ ደኖች ነው። ነፍሳትም ድርሻ አላቸው። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ግን ፈንገሶችና ሌሎች ረቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ይህን ያህል ካርቦን በእጃቸው የሚያልፍ ፍጥረታት ስማቸው እንኳ አለመታወቁ ለኔ አሳፋሪ ነው።

ስንት ናቸው ለሚለው፣ ሃውክስዎርዝ የተባለው ብሪታኒያዊ ሊቅ በ1991 1.5 ሚሊዮን ብሎ ነበር። ስሌቱ ብሪታኒያ ውስጥ ለአንድ የእጽዋት ዝርያ ስድስት ያህል ፈንገስ ይደርሳል ከሚል ተነስቶ በዓለም እጽዋት ቁጥር ማባዛት ነበር። በ2017 እሱና ሌላ ባልደረባው ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን አደረሱት። ስም የተሰጠው ወደ 155,000 ነው።

ማባዛቱ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ፈንገሱ አንድ ዛፍ ብቻ የሚመርጥ ከሆነ ዛፍ በበዛ ቁጥር ፈንገስ ይበዛል። ሁሉን የሚበላ ከሆነ ግን ስሌቱ ይዛባል። ፓናማ ውስጥ ሦስት ዓይነት ዛፍ ብቻ በነበረበት የማንግሮቭ ደን፣ በብዛት የተገኙት የእንጨት ፈንገሶች እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ዛፍ ያደሉ ነበሩ። እዚያው ፓናማ ባሮ ኮሎራዶ ደሴት ላይ፣ የዛፉ ዓይነት በበዛበት ደን፣ በብዛት የታዩት ያገኙትን የሚበሉ ናቸው። ነገሩ ያስኬዳል። አንድ ዛፍ ብቻ የሚመርጥ ፈንገስ ቀጣዩ የዚያ ዝርያ ግንድ የት ወድቆ ያገኘዋል? የቀሩት አብዛኞቹ ደግሞ አንዴ ሁለቴ ብቻ የታዩ ናቸው። አንዴ የታየ ፈንገስ መራጭ ይሁን አይሁን በምን ታውቃለህ?

ለምን ይጠቅማል ላልሽው ወይም ላልከው ሌላ መልስም አለ። ከላይ የተነሳው ሎስ ሴድሮስ ማዕድን ሊቆፈርበት ነበር። በ2021 የኢኳዶር ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ሲያግደው፣ ከቀረቡት ማስረጃዎች ውስጥ ሳይንቲስቶች ለዓመታት ያጠራቀሙት የዝርያ መረጃ ይገኝበት ነበር።

አሮጌ_ማይክሮስኮፕ፦

የሚያበራው እውነት ነው። ከሁሉ የምወደውን ታሪክ ልንገርህ። በ1840 ገደማ ጋርድነር የሚባል ስኮትላንዳዊ የእጽዋት ተመራማሪ ብራዚል ውስጥ በአንዲት ትንሽ ከተማ በማታ ሲሄድ ልጆች በሚያበራ ነገር ሲጫወቱ አየ። በማታ የሚያበራ ትልቅ ጥንዚዛ መስሎት ነበር። ቀረብ ቢል እንጉዳይ ነው። በዘንባባ እግር ሥር የሚበቅል፣ የአካባቢው ሰዎች የኮኮናት አበባ የሚሉት። ናሙና ልኮ ስም ተሰጠው። ከዚያ በሳይንስ በኩል ከ150 ዓመት በላይ ደብዛው ጠፋ። በዚህ ክፍለ ዘመን እንደገና ተሰብስቦ በ2011 ኒዮኖቶፓነስ ጋርድነሪ ተባለ። ያ ሁሉ ዘመን እዚያው ነበር። የአካባቢው ሰዎችም ያውቁታል። ናሙና የሚይዝ ሰው በማታ አልሄደም፤ ይኸው ነው።

ግንድ_ቆጣሪ፣ ስለዚያ ከግንዱ ሥር ስላየኸው ስስ ነጭ ነገር ማንም አልመለሰልህም። እሱ ነው ዋናው ሀብት። ባርኔጣ የለው፣ እግር የለው፣ እንጨቱ ላይ ተለጥፎ ስለሚኖር ሰው ይንቀዋል። ግንዱ የሚገለበጥ ከሆነ ገልብጠው። መጀመሪያ በዱላ ነካ ነካ አድርግ፣ እባብም ጊንጥም አለ። ካየህ በኋላ እንደነበረው መልሰው፤ የሌላውን ቤት አፍርሰህ አትሂድ። ናሙናውን ከነእንጨቱ ቆርጠህ ውሰድ፣ ፍቀህ አታምጣ።

ቤት ስትገባ በምላጭ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቁራጭ ቁረጥ። አንዱን በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ውስጥ፣ አንዱን ሜልዘር በሚባለው የአዮዲን ውህድ ውስጥ አድርግ። ስፖሩ በሜልዘር ወደ ሰማያዊ ጥቁር ከዞረ ብዙ ወገኖችን በአንዴ ጣልክ። የፈንገሱ ሰውነት የተሠራባቸውን ክሮች ኮንጎ ቀይ በሚባል ቀለም አቅልማቸው። መጋጠሚያቸው ላይ ትንሽ ጉብታ አለ ወይስ የለም? ግድግዳቸው ስስ ነው ወይስ ወፍራም? የእንጨት እንጉዳዮች ክር አንድ ዓይነት ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚያድግ፣ የሚደግፍና የሚያስር እንዳለ ያሳየን ኮርነር የሚባል ሊቅ ነው። ሲንጋፖር ሆኖ በ1932 ጻፈው፤ እስከ ዛሬ የምንሠራው በሱ መንገድ ነው። ስፖር ስትለካ አንድ ለክተህ አትቁም፣ 30 ለካ።

ግንድ_ቆጣሪ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ምንም ያላየሁበትን ግንድ ልመዝግብ ወይስ ልዝለል? ደግሞ መቼ ነው «በቃ፣ ጨረስን» የምንለው?

ቁጥር_አዋቂ፦

ዜሮውን ጻፍ! ዜሮ ከሌለ እኔ የማሰላው ነገር የለኝም። በየግንዱ የምትቆይበትን ጊዜም እኩል አድርግ። ደስ ያለህ ግንድ ላይ ሰዓት ሙሉ፣ ያስጠላህ ላይ ሁለት ደቂቃ ከቆየህ የለካኸው ስሜትህን ነው።

ጨረስን ለሚለው፣ በሞቃታማ ደን ማንም ጨርሶ አያውቅም። ግን ምን ያህል እንደቀረህ መገመት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል 120 ዓይነት አገኘህ እንበል። ከእነሱ 60ው አንዴ ብቻ፣ 20ው ሁለቴ ብቻ የታዩ ይሁኑ። አንዴ የታዩትን በራሱ አባዛ፦ 3,600። ሁለቴ የታዩትን እጥፍ፦ 40። 3,600 ለ40 ሲካፈል 90። ስለዚህ ቢያንስ 90 ያላየሃቸው አሉ፣ በጠቅላላው ወደ 210። ቻኦ የሚባለው ስሌት ይህ ነው። «ቢያንስ» የምትለዋ እንዳትጠፋ፤ ሪፖርት ላይ ሁልጊዜ የምትቆረጠው እሷ ናት። ሞርፎ 17ን ለሁለት ሰው ሁለት ቁጥር ከሰጣችሁት ደግሞ አንዴ የታዩት በሐሰት ይበዙና ስሌቱ ሰማይ ይነካል።

ሃይፋ፦

አንድ ልጨምር። ጠንካሮቹ ቀዳዳማ እንጉዳዮች ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይቆያሉ። ለስላሶቹ ዝናብ ጠብቀው ወጥተው በቀናት ውስጥ ያልቃሉ። በአንድ ወቅት ብቻ ከሄዳችሁ የመጀመሪያዎቹን ዝርዝር ሠራችሁ ማለት ነው። ያም አይከፋም፣ ግን ርዕሱ ላይ ጻፉት። «የደኑ ፈንገሶች» ብላችሁ ቀዳዳማዎቹን ብቻ ካወጣችሁ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ለስላሶቹ የሉም ብሎ ያስባል።

ደግሞ አዲስ ዝርያ ነው ብላችሁ ከወሰናችሁ፣ ከ2013 መግቢያ ጀምሮ ስሙ እንደ ማይኮባንክ ወይም ኢንዴክስ ፈንጎረም ባለ መዝገብ ካልተመዘገበ አይጸናም። እንዳትረሱ።

ግንድ_ቆጣሪ፦

ናሙናውን ለመለየት ውጭ አገር ያለ ሄርባሪየም (የደረቁ ናሙናዎች ማስቀመጫ) ይላክ የሚል ሐሳብ አለ። አንዳንዱ ግን ያለችኝ አንዲት ፍሬ ናት።

ሃይፋ፦

መጀመሪያ ፈቃድ። የአገርን የዘረ መል ሀብት ስለመጠቀምና ጥቅሙን ስለመጋራት የሚደነግገው የናጎያ ስምምነት ከ2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ ብዙ አገሮችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ደረቅ እንጉዳይ በፖስታ ሸጉጦ መላክ ቀርቷል።

ከዚያ ከፍለው። ከላይ እስከ ታች፣ የላዩም ሥጋውም ቀዳዳውም በሁለቱም ቁራጭ ላይ እንዲኖር አድርገህ ሰንጥቅ። ጫፉን ብቻ ቆርጠህ ከላክህ ተቀባዩ ምንም አያደርግበትም። ሁለቱም ላይ ያው ቁጥር ይጻፍ። ለመከፈል የምታንስ ከሆነች ደኑ ባለበት አገር ትቀመጥ፤ ለውጭው ፎቶው፣ የስፖር ልኩና ዲኤንኤው ይበቃል። የሚፈልጋት ሰው መጥቶ ይያት።

አሮጌ_ማይክሮስኮፕ፦

ከመክፈልህ በፊት ስፖሯን ለካ። ደርቃ ሁለት ቦታ ከሄደች በኋላ ስፖር ያለው ቁራጭ የትኛው ጋ እንደቀረ መፈለግ ራስ ያዞራል።